እልልታው ገና ነው

ባለፈው ሰሞን አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ደሴ ውስጥ በአንድ የቀበሌ አዳራሽ፣ ለነፍሰ ጡር እናቶችና ለቤተሰቦቻቸው ስለ ምጥ የተናገርኩት ነው። በስልክ ከተቀዳው ድምፅ ገለበጥኩት። የደጋገምኩትን ቀንሻለሁ። ሰው ያቋረጠኝን ግን አልነካሁትም። ደህና ደህናው ነገር የመጣው እዚያ ላይ ነው።

እንደምን አደራችሁ። ብርዱን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የጦሳ ተራራ ዛሬ ጉሙን እስከ አዳራሹ በር ድረስ ልኮልናል። ጋቢ ያላችሁ ከጎናችሁ ላለችው ደረብ አድርጉላት። ቡናው እየተቆላ ነው። አቦሉ እስኪደርስ እኔን ትታገሡኛላችሁ።

ከፊት የተቀመጡትን እናቶች ሳይ ትንሽ ፈራሁ። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» የተባለው ለኔ ይመስላል። እኔ የወለድኩት ሁለት ነው። እዚህ ስምንትና ዘጠኝ የወለዱ አሉ። ስለ ሕመሙ ለእነሱ የምነግራቸው የለኝም። ግን አዋላጅ ነኝ። ምጥን ከአልጋው ማዶ ቆሜ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ከዚያ በኩል ሲታይ፣ የምታምጠው ሴትም ደጅ የሚጠብቀው ዘመድም የማያዩት ነገር አለ። የማወራው ስለሱ ነው።

ምጥ አንድ ነገር ይመስለናል። ጀመራት፣ አማጠች፣ ተገላገለች፣ አለቀ። እኛ ግን ሦስት ደረጃ እንለዋለን። አራተኛ የምንጨምርም አለን። መጀመሪያ የማህፀን በር ይከፈታል። ቀጥሎ ልጁ ይወጣል። ቀጥሎ የእንግዴ ልጁ። ከዚያ እናትየው ዓይን ሳይነቀልባት የምትጠበቅበት ሰዓት አለ። ይህ መከፋፈል ለፈተና የሚሸመደድ ነገር ብቻ አይደለም። አንዱ ደረጃ ላይ የሚጠቅመው ሌላው ላይ ይጎዳል። በሁለተኛው ላይ መግፋት ሥራው ራሱ ነው። በመጀመሪያው ላይ ከገፋች ግን ጉልበቷን ጨርሳ ባዶ እጇን ትቀራለች፤ የማህፀን በሩም ሊያብጥባት ይችላል። ከራስጌዋ ቆማ «ግፊ፣ ግፊ» የምትል አክስት ሰዓቱን ካላወቀች፣ በደግነት ነው የምትጎዳት።

ከደረጃዎቹ በፊት ስለ ቀኑ አንድ ነገር ልበል። የመጨረሻ የወር አበባሽ የጀመረበትን ቀን ያዢ። 9 ወር ቁጠሪ፣ 10 ቀን ጨምሪ። የኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ 280 ቀን ልክ ይመጣል። መስከረም 5 ከነበረ ሰኔ 15 ነው። መሀል ላይ ጳጉሜ ካለች ግን የሚጨመረው 5 ቀን ነው፤ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ 4። ጥር 1 ያየች ሴት ጥቅምት 6 ትጠብቃለች ማለት ነው። ይህ ስሌት የሚሠራው በኛ ካሌንደር ነው። ባሰላሁት ቁጥር፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ደስ ይለኛል። ግን ቀጠሮ አይደለም። ከ37 እስከ 42 ሳምንት ድረስ ያለው ሁሉ ጊዜው ነው። በተባለው ቀን ልክ የምትወልደው ጥቂት ናት። 41 ሳምንት ካለፈ ግን መጥተሽ እንይሽ።

ምጥ ሲቃረብ ደም የነካካው ንፍጥ የመሰለ ነገር ሊታይ ይችላል። የማህፀን በር የተዘጋበት ውታፍ ነው። እሱ ከወጣ በኋላ ምጡ በሰዓታት ሊመጣ ይችላል፣ ቀናትም ሊቆይ ይችላል። አትደንግጡ። የእንሽርት ውሃ ግን ሌላ ነው። ውሃው ከፈሰሰ፣ ምጥ ኖረም አልኖረም፣ ወደ ጤና ተቋም ነው። ቀለሙን እዩት። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ልጁ እዚያው ካካ ብሎበታል፤ አትዘግዩ። እንደ ወር አበባ የሚፈስ ደም ካለ፣ ኃይለኛ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ካለ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ እኔን ማዳመጥ ትታችሁ አሁኑኑ ተነሡ።

እዚህ ላይ ሹራብ ጠየቅሁ። ደሴ ላይ ሹራብ አይጠፋም። አንዱ አባወራ አንገተ ረጅም ሹራቡን አውልቆ ሰጠኝና በሸሚዝ ሲንቀጠቀጥ ሚስቱ ሳቀችበት።

ይኸውላችሁ። የሹራቡ ገላ ማህፀን ነው። ይህ ረጅሙ አንገት የማህፀን በር ነው። ልጃችሁን ጠበብ ያለ ሹራብ ስታለብሱት ጭንቅላቱ ዝም ብሎ አይወጣም። መጀመሪያ አንገቱ እየሳሳና እያጠረ ወደ ገላው ይሰበሰባል። ከዚያ ነው ቀዳዳው የሚሰፋው። ለመጀመሪያ ልጅ ሥራው እንዲህ ተራ በተራ ስለሚሄድ ይረዝማል። ሁለተኛና ሦስተኛ ላይ ሹራቡ ለምዷል። መሳሳቱም መስፋቱም አብሮ ይሆናል። ለዚህ ነው «በመጀመሪያው አንድ ሙሉ ቀን አማጥኩ፣ በሁለተኛው መንገድ ላይ ልወልድ ነበር» የምትሉት።

የመጀመሪያው ደረጃ ሁለት ፊት አለው። ቀርፋፋው ፊት ሰውን ያታልላል። ሕመሙ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ 20 ደቂቃ ይጠፋል፣ በ10 ደቂቃ ይመለሳል። ለዚህኛው የተቆረጠ ሰዓት የለውም። ሰዓታት ነው፤ አንዳንዴ ሌሊቱን ሙሉ።

የራሴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ከተመረቅሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ደረጃዎቹን እንደ ዳዊት እደግማቸዋለሁ። አንድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሆዴ ተቋጠረ። በቃ ልወልድ ነው አልኩ። ባለቤቴ ባጃጅ ለምኖ አመጣ። ቦርሳ፣ ፔርሙዝ፣ እናቴ፣ ሁላችንም ተጭነን ሄድን። ተረኛዋ አየችኝና «2 ሴንቲ ነሽ፣ ገና ነሽ፣ ሂጂ» አለችኝ። የማህፀን በሬ የተከፈተው 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው ማለቷ ነው። ሌላ ቃል የለም። ጓንቷን አውልቃ ዞረች። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ትክክል ነበረች፤ እኔም ብሆን ወደ ቤት ነበር የምመልሳት። ያስለቀሰኝ ሌላ ነገር ነው። ያንኑ ዓረፍተ ነገር በዚያው ድምፅ እኔም ለሴቶች ስናገረው እንደኖርኩ ትዝ ስላለኝ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ሙሉውን ልበለው። «ገና ነሽ» ማለት «የውሸት ነው» ማለት አይደለም። አንገቱ እየሳሳ ነው ማለት ነው። ቤትሽ ቅርብ ከሆነ፣ ውሃሽ ካልፈሰሰ፣ ደም ከሌለ፣ ቤትሽ ብትሆኚ ይሻልሻል። ብዪ። ጠጪ። ተኚ፤ እንቅልፍ እንቢ ካለሽ ጋደም በይ። ሽንትሽን አትያዢ፤ የሞላ ፊኛ የልጁን መንገድ ያጣብባል። ቤትሽ ሩቅ ከሆነ ግን ይህ ምክር ላንቺ አይደለም። መንገድ የሌለበት ቀበሌ ያለሽ ከሆነ ቀኑ ከመድረሱ በፊት ወደ እናቶች ማቆያ ግቢ።

«የውሸት ምጥ የሚባልስ የለም?» አለች አንዷ ከኋላ።

አለ። የውሸቱ ስትነሺና ስትራመጂ፣ ውሃ ስትጠጪ ይጠፋል። በሕመሞቹ መሀል ያለው ጊዜ አያጥርም። የእውነቱ ብትራመጂም ብትተኚም ይመጣል፤ እየረዘመ፣ እየበረታ፣ እየተቀራረበ። በ10 ደቂቃ ውስጥ 3 ጊዜ ከመጣና እያንዳንዱ 40 ሰከንድ ከያዘሽ ቀልድ የለም።

ሁለተኛው ፊት ንቁ ምጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር ከ5 ሴንቲ ሜትር ይጀምራል። እኔ ስማር 4 ነበር። ከ5 እስከ 10 ነው መንገዱ። (ረከቦቱ ላይ ያለውን ሲኒ አንሥቼ በማስመሪያ ለካሁላቸው። አፉ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሆነ።) «6 ሴንቲ ደርሳለች» ስንላችሁ ይችን ሲኒ አስቡ። 10 ማለት ከሲኒው ማስቀመጫ ትንሽ ያንሳል። ለመጀመሪያ ልጅ ይህ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሰዓት፣ ለወለደች ደግሞ ከ10 ሰዓት አያልፍም።

እዚያ ስትደርሱ አንዲት ወረቀት ታያላችሁ። ፓርቶግራፍ እንላታለን። ዘመድ ብዙ ጊዜ «ወረቀት ከምትጽፊ ልጄን እያት» ይለናል። እያየኋት ነው የምጽፈው። እ.ኤ.አ. በ1954 ኢማኑኤል ፍሪድማን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የማህፀን በር አከፋፈትን በግራፍ ሣለው። እ.ኤ.አ. በ1972 ፊልፖትና ካስል የተባሉ ሐኪሞች፣ ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው ሀገር፣ ማስጠንቀቂያ መስመሮች አበጁለት። ያሰቡት ከሆስፒታል ርቃ ለምትሠራ አዋላጅ ነው። የምጡ ነጥብ መስመሩን ተሻግሮ ሲዘገይ፣ ማንንም ሳትጠይቅ «ይህች ሴት ትላክ» ማለት እንድትችል። ያኔ መለኪያው በሰዓት 1 ሴንቲ ነበር። አሁን ብዙ ሴት ከዚያ ቀስ ብላ በሰላም እንደምትወልድ ታውቋል። እኔ ግን ወረቀቷን እወዳታለሁ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የደከመ ሰው ዓይን ይዋሻል፣ ነጥቡ አይዋሽም። እዚያው ላይ የልጁን የልብ ምት እንጽፋለን። በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ደህና ነው። ያቺ ጡሩምባ የመሰለች ዕቃ ሆድሽ ላይ ስትደረግ ለምን ዝም በሉ እንደምንል ገባችሁ?

ከ8 እስከ 10 ያለውን ግን ቆም ብዬ ላውራ። ከኮምቦልቻ ስትመጡ የሐረጎን ዳገት ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ሜዳው ነው፣ ሰው ይጫወታል። ከዚያ ጥምዝምዙ ይጀምራል። ፌስታል ስጡኝ የሚባለው ግን ደሴ ሊደረስ ሲል ነው። ምጥም እንደዚያ ነው። ያስመልሳታል። እግሯ ይንቀጠቀጣል። ደህና ስታወራ የነበረችው «አልችልም፣ ሞትኩ» ትላለች። ባሏን የምትረግም አለች። እንደ ስድብ አትያዙባት።

አንዲት ልጅ ነበረች። ሌሊቱን በትዕግሥት አደረች፤ ድምፅ የላትም። ንጋት ላይ ድንገት ከአልጋው ወረደች። «ጫማዬን ስጡኝ» አለች። «የት ልትሄጂ?» «ወደ ቤቴ። ነገ እመጣለሁ፤ ዛሬ አልሆነልኝም።» የምሯን ነው። ጫማዋን በእጇ ይዛ በሩ ጋ ደረሰች። ሳያት 9 ሴንቲ ተኩል ነበረች። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ወለደች። ስለዚህ «አልችልም» ስትል ዘመድ የሚሰማው «ልትሞት ነው» የሚለውን ነው፤ እኔ የምሰማው «ልትወልድ ነው» የሚለውን ነው። ያን ሰዓት እጇን የሚይዝ አንድ ሰው ያስፈልጋታል። አንድ ነው ያልኩት። ስድስት አይደለም።

እዚህ ላይ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት አቋረጡኝ። «ልጄ፣ እኛ ተንበርክከን፣ ገመድ ይዘን ነው የወለድነው። እናንተ በጀርባ ታስተኛላችሁ። በጀርባ ተኝቶ ማን ዳገት ይወጣል?»

እማማ፣ እውነትዎን ነው። ስንማር በጀርባ ነበር፤ ለኛ ለማየት ይመቻል፣ ለወላዷ አይመችም። ዛሬ ምክሩ እሷ የመረጠችውን ይዛ ትውለድ ነው። ተንበርክካ፣ ቁጢጥ ብላ፣ በጎን ተኝታ። ይህን ከእርስዎ መማር የነበረብን እኛ ነን። አልጋው ላይ ውጪ ብለው ከጮሁባችሁ «ተንበርክኬ ልሞክር» በሉ። መብታችሁ ነው።

10 ከሞላ ሁለተኛው ደረጃ ነው። ምልክቱ ያሳፍራል ግን ልንገራችሁ፤ ሽንት ቤት መጣብኝ ትላለች። የልጁ ጭንቅላት አንጀቱን ሲጫን ነው። «ሂጂ፣ እኔ ልጠብቅሽ» አትበሏት። ሽንት ቤት ውስጥ የወለደች አውቃለሁ። አዋላጅ ጥሩ። መግፋት ያለባት አሁን ነው፤ ያውም ሕመሙ ሲመጣ ብቻ። በመሀል ታርፋለች፣ ውሃ ትጎነጫለች። ለመጀመሪያ ልጅ እስከ 3 ሰዓት፣ ለወለደች እስከ 2 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ሆዷን ከላይ የሚጫን፣ የሚያሽ፣ በመቀነት የሚያስር ሰው ካለ ከክፍሉ አስወጡልኝ። ማህፀን ሊቀደድ ይችላል።

ጭንቅላቱ አጥንት ላይ ተቀርቅሮ ቀን ከሌት ሲቆይ፣ በመሀል ያለው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል። ፊስቱላ የሚባለው ከዚያ ነው የሚመጣው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ከባለቤታቸው ጋር ወደዚህ ሀገር መጥተው ዕድሜያቸውን የፈጁበት በሽታ ነው። እርግማን አይደለም። የዘገየ ምጥ ነው።

ጭንቅላቱ ብቅ ሲል ደግሞ ድንገት «አትግፊ» እንላለን። ሴቲቱ ትናደዳለች፤ አሁን ግፊ አላችሁኝ፣ አሁን አትግፊ። ያን ጊዜ ከሰል እንደምታቀጣጥል እፍ፣ እፍ ማለት ነው። ቀስ ብሎ ሲወጣ መቀደድ ይቀንሳል። ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ሙሉው ልጅ። ይደርቃል፣ እናቱ ደረት ላይ ይተኛል። እትብቱን ወዲያው አንቆርጥም። ከ1 እስከ 3 ደቂቃ እንጠብቃለን፤ የራሱ ደም ገና ወደሱ እየገባ ነው።

እልልታው የሚቀልጠው እዚህ ላይ ነው። ለወንድ ስንት፣ ለሴት ስንት እንደሚባል የየሀገሩ ደንብ ይለያያል። እኔ ግን ሁሌ ጆሮዬን ይከብደኛል። እልልታው ገና ነው። የእንግዴ ልጁ አልወጣም።

ልጁ በወጣ በ1 ደቂቃ ውስጥ ጭኗ ላይ መርፌ እንወጋታለን። ኦክሲቶሲን ይባላል፣ 10 ዩኒት ነው። «ወልጄማ፣ ደግሞ ለምን ትወጉኛላችሁ?» የምትል አለች። ማህፀኑ እንዲኮማተርና ደሙ እንዲቆም ነው። የእንግዴ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይወጣል። ቤት ውስጥ ድንገት ከተወለደ እትብቱን አትጎትቱ። ከወጣ በኋላ ማህፀኑ ከእምብርት በታች እንደ ትርንጎ መጠጠር አለበት። ለስላሳ ከሆነ እየደማ ነው።

አንድ ቀን እንዲህ ሆነ። ወለደች፣ የእንግዴ ልጁ ወጣ፣ ሁሉም ደህና። ዘመድ ገባ። ገንፎው መጣ። ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ አፍንጫው የማን ነው ይባላል። እሷ ወፍራም ጋቢ ተደርቦላት ጋደም ብላለች። አማቷ «ተኛች፣ ደክሟት ነው» አሉ። እጄን በጋቢው ስር አስገባሁ። ፍራሹ ርሷል። ሙቅ ነበር። ማህፀኗን ስነካው እንደ ሊጥ ነው። ማሸት ጀመርኩ፣ ጓደኛዬ መድኃኒት ሰቀለች፣ ሽንቷ ሲወጣላት ማህፀኑ ጠጠረ። ተረፈች። ያ ሁሉ ሰው ክፍሉ ውስጥ ነበር። የሚያየው ግን ሕፃኑን ነው።

አያቶቻችን «የአራስ መቃብር አርባ ቀን ክፍት ነው» የሚሉት በከንቱ አይደለም። እኔ የምጨምረው፣ ከአርባው ቀን ይበልጥ የሚያስፈራው የመጀመሪያው ቀን፣ ከቀኑም የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ናቸው። ለዚህ ነው ለ2 ሰዓት በየ15 ደቂቃው እየመጣን ሆዷን የምንነካው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሀገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ1992ቱ 871 ነበር። ቀንሷል። 412 ግን ብዙ አዳራሽ ይሞላል።

ልጁን በመጀመሪያው 1 ሰዓት ውስጥ ጡት አስይዙት። ሲጠባ ማህፀኑም ይኮማተራል። ቢጫውን እንገር አትድፉት። ቅቤ አታስውጡት። ስለዚህ ሌላ ቀን እጣላችኋለሁ።

ሹራቡን የሰጠው አባወራ እጁን አወጣ። «እኛ ወንዶች ደጅ ቆመን ምን እናድርግ?»

መጀመሪያ ሹራብህን ልበስ። ከዚያ፣ ምጥ ሳይጀምር የሚሠራ ሥራ አለህ። በሌሊት የሚመጣ ባለ ባጃጅ ስልክ ያዝ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ደም ቢያስፈልግ ማን እንደሚሰጥ አስቀድመህ ጠይቅ። ሪፈር ከተባለች «ቤተሰብ እንማከር» አትበል፤ ምክክሩን ዛሬ ማታ ጨርስ። ከወለደች በኋላ ደግሞ አንተ ጋቢውን ግለጥ። ሁሉም ልጁን ሲያይ አንተ እሷን እይ።

እንግዲህ አቦሉ ደርሷል መሰለኝ፤ ሽታው እኔንም አላስችለኝ አለ።

እናቶች መረቁ። «ማርያም በሽልም ታውጣችሁ» አሉ በአንድ በኩል፣ «አላህ በሰላም ይገላግላችሁ» አሉ በሌላ በኩል። ሁሉም ለሁሉም አሜን፣ አሚን አለ።

ሲኒ ይዤ ስቀመጥ አንዲት ልጅ አጠገቤ መጣች። የመጀመሪያዋ ነው፣ 36 ሳምንት። ቀስ ብላ «እህቴ፣ ስታወሪ ጀምሮ ሆዴ ድንድን እያለ ነው» አለችኝ። እጄን ሆድዋ ላይ አደረግሁ። እውነትም ድንድን አለ፣ ከዚያ ለቀቀ። ውሃ፣ ደም፣ ራስ ምታት ጠየቅኋት፤ የለም። ልጁ ይራገጣል። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ጠጥተሻል? አልጠጣሁም አለች። ሁለት ብርጭቆ ውሃ አጠጣኋትና አዳራሹን ሁለት ዙር ዙሪው አልኳት። ስልኬ ላይ ሰዓት ያዝኩ። በአቦልና በቶና መሀል አንዴ መጣ። ከቶና በኋላ የለም። በረካ ሲቀዳ ቀና ብዬ አየኋት። ተነሥታ ለእናቶች ሲኒ እያደለች ነው።